ከግራ የሚመጣው ያዞራል

ኡዘይር ሰው መናቅ የጀመረው መርከብ ላይ ነው የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው። ጎንደር አዲስ ዓለም፣ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን በጫማው እየለየ ሲያድግም ንቀቱ አብሮት ነበር። ባሕሩ ያደረገለት ነገር ቢኖር ለንቀቱ ማስረጃ መስጠት ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መርከብ ላይ ሠርቶ፣ ሁለተኛ መኮንን ሆኖ፣ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሲገባ "ካፒቴን በሉኝ" አለ። አንድም ቀን ካፒቴን ሆኖ አያውቅም። ግን ጎንደር ላይ ካፒቴንን ከሁለተኛ መኮንን ማን ይለያል? አለመለየታቸውንም ናቀው።

አሁን የሚኖረው አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ነው። ሁለት ባጃጆች ጠባብ መንገድ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው "አንተ ልቀቅ፣ አንተ ልቀቅ" ሲባባሉ ባየ ቁጥር ልቡ ቅቤ ይጠጣል። "ይህ ሕዝብ ጎማ ላይ ሲወጣ ማንም ለማንም አይለቅም፤ በእግሩ ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ለሁሉም ይለቃል። ሁለቱም ያው ድንቁርና ነው" ይላታል ሚስቱን ኢልሃምን። እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰማችውን ስለሆነ "አዎ" ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

በዚህ መኻል ከአንድ ፕሮጀክት ጥሪ መጣለት። መሬት ላጠራቸው የደጋ ሰዎች በማኅበር በማኅበር ጀልባ ገዝቶ፣ ከጎርጎራ ተነሥተው ጣና ላይ መንገደኛ እንዲያመላልሱ የሚያደርግ ፕሮጀክት ነው። "ደገኛን ሐይቅ ላይ ማውጣት ዓሣን ግራር ላይ እንደ ማውጣት ነው" አለ ኡዘይር፤ ግን ጥሪውን ተቀበለ። የሚያስተምረው ጀልባዎች ውኃ ላይ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚለቅ የሚደነግገውን ሕግ ነው። አምስት ቀን ያስተምራል፤ በስድስተኛው ቀን ይፈትናል። ላለፈ ወረቀት ይሰጣል፤ የወደቀ ሰው የጀልባ ድርሻ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

ሥልጠናው ጎርጎራ፣ ውኃው ዳር እንዲሆን ለምኖ ነበር። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ወልደኢየሱስ ግን "አዳራሹ ያለው አዘዞ ነው" አለው። ኡዘይር ትክ ብሎ አየው። ሰውየው አልቀለደም። ሐይቁ ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አሥራ አራት ሰዎች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው የውኃ ሕግ ሊማሩ ሆነ።

ከአሥራ አራቱ መኻል አያ ዳኛው ይገኙበታል። አርባ ዓመት ጣናን የቀዘፉ፣ ወረቀት ግን ያልነበራቸው የጎርጎራ ሰው ናቸው። ሌሎቹን ሞተር ማስነሣትና መሪ መያዝ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ከተማሪዎቻቸው ጋር እኩል ቁጭ ብለዋል። "አርባ ዓመት ያልሰጠሙት በዕድል ነው" አለ ኡዘይር በልቡ።

ከሁሉም በላይ የናቀው ግን ቢያዝንን ነው። ቢያዝን የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የኮሶዬ ልጅ ነው። አገሩ ላይ የነበረችውን የአባቱን የመሬት ድርሻ "እኔስ ጀልባ አለኝ" ብሎ ለታናሽ ወንድሙ ለቆለት ነው የመጣው። ወንድሙም ዘርቶባታል፣ ጎጆ ወጥቶባታል። እንግዲህ ቢያዝን ይህን ፈተና ከወደቀ መሬትም የለው፣ ውኃም የለው። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ስሙን እንዲናገር ሲጠየቅ ሳይደብቅ ለሁሉም ተናገረ። ኡዘይር "ስምህን ነው የጠየቅኩህ" አለው።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጀልባዎች ሣለ። "ሕጉ ሦስት ነገር ነው። ሦስት በግ ከመቁጠር አይከብድም፤ ልብ በሉ። አንድ፣ ፊት ለፊት የተገናኙ ጀልባዎች ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ያዞራሉ። ሁለት፣ ከኋላ መጥቶ የሚቀድም፣ የሚቀደመውን ሳይነካ ርቆ ይለፍ። ሦስት፣ መንገድ ለመንገድ ሲቋረጡ፣ ሌላውን በቀኙ ያየ እሱ ያዞራል። ሌላውን በግራው ያየ ደግሞ መንገዱንም ፍጥነቱንም ሳይለውጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከግራ የሚመጣብህ ያዞርልሃል፤ አንተ አትነቃነቅም። ጨረስኩ።"

ቢያዝን እጁን አወጣ። "አያ ኡዘይር፣ ከግራ የሚመጣው ሽማግሌ ቢሆንሳ?"

"ካፒቴን በለኝ። ሽማግሌም ቢሆን።"

"ቄስ ቢሆንሳ? ሸህ ቢሆንሳ?"

"ጀልባ ዕድሜ የለውም፤ ማዕረግ የለውም። ጀልባ ቀኝና ግራ ብቻ ነው ያለው። አንተ በደግነትህ መንገድ ልልቀቅ ብለህ ስታዞር፣ እሱም በሕጉ ሲያዞር፣ አንድ ቦታ ትገናኙና ሁለታችሁንም ዓሣ ይበላችኋል። ገባህ?"

"ገብቶኛል አያ" አለ ቢያዝን። ፊቱ ግን ነውር እንደ ሰማ ሰው ቀልቶ ነበር።

ሕጉ ሌላ ግማሽ አለው። ማዞር ያለበት ሳያዞር ከቀረ፣ ነገሩም በእሱ ብቻ የማይድን ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውም ከግጭቱ ለማምለጥ የተቻለውን ማድረግ ግዴታው ነው። ኡዘይር ይህን ሊናገር ጠመኔውን አንሥቶ ዞር ሲል አሥራ አራቱን ፊቶች አየ። አንዱ ያዛጋል። አንዱ ስልኩን ጉያው ውስጥ ደብቆ ያያል። ቢያዝን ደብተሩ ላይ ሁለት ጀልባ እየሣለ ነው፤ ጀልባዎቹ ጫማ ይመስላሉ። "ለእነዚህ 'አትልቀቅ' የምትለዋን አንዲት ቃል ማስገባት አቅቶኝ ሳለ፣ 'አንዳንዴ ግን ልቀቅ' ብዬ ልጨምርበት? ያለቻቸውንም ይደባልቋታል" አለ በልቡ። ጠመኔውን አስቀመጠው። ሁለተኛው ግማሽ ሳይነገር ቀረ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ኳስ ሜዳ አወጣቸው። ውኃ ከሌለ እነሱ ራሳቸው ጀልባ ይሁኑ ብሎ ነው። ጥንድ ጥንድ እያደረገ፣ አንዱን ከወዲያ ሌላውን ከወዲህ አስነሥቶ፣ መኻል ሜዳ ላይ እንዲቋረጡ አዘዘ። አዘዞ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅምና ከሚኒባስ የወረደው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ያይ ጀመር።

የቢያዝን ተራ ሲደርስ ከግራው የሚመጡት አያ ዳኛው ሆኑ። እሳቸው ማዞር፣ እሱ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ቢያዝን ቆመ። ጎንበስ አለ። ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ "ይለፉ አያ ዳኛው" አላቸው።

"ኧረ አንተ እለፍ! መምህሩ እንዲያ ብለዋል" አሉ አያ ዳኛው፣ እሳቸውም ፈቀቅ ብለው።

"ኧረ አይሆንም! እኔ ቆሜ አንቱ ዞረው?"

"በሞቴ እለፍ።"

"አንቱ እያሉ? አላደርገውም!"

ሁለቱም እኩል ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ አሉና ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። አጥር የተደገፈው ሕዝብ ሳቀ።

"ሁለታችሁም ሰጥማችኋል!" ብሎ ጮኸ ኡዘይር። "ሃያ መንገደኛ ይዛችሁ ሰጥማችኋል! ነፍሰ ጡር ነበረችበት! ኮሶዬ፣ ገደልካት! እንደ ሰርገኛ 'ይለፉ ይለፉ' እያልክ ገደልካት!"

ቢያዝን እውነት የገደላት ያህል ደነገጠ። ደግሞ አስነሣው፤ ደግሞ ቆመ። ከአያ ዳኛው ለይቶ ከእኩዮቹ ጋር ሞከረው፤ ለእኩዮቹም ለቀቀ። ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ በአራተኛው ቀን ኡዘይር በስሙ መጥራቱን ትቶ "ኮሶዬ" ብቻ ይለው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ጠጋ አለውና፣ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለው፦

"ስማኝ። የሚመጣውን ሰው አትየው። ካየኸው ትሰግድለታለህ። ፊት ለፊትህ ካለ አንድ ዛፍ ላይ ዓይንህን ትከልና ወደ እሱ ሂድ። ዓይንህን ከነቀልክ ወድቀሃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምተሃል? ወረቀት መሆን ቢያቅትህ ሌላውን መሆን አያቅትህም።"

ሰዉ ሳቀ። ቢያዝንም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ያን ቀን ምሳ ላይ ኡዘይር የቢያዝንን አጎነባበስ እየቀዳ ለኢልሃም አሳያት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ "አላደርገውም አያ!" እያለ። እሷ አልሳቀችም።

"አምስት ቀን ተምሮ ካልገባው ጥፋቱ የማን ነው?" አለችው።

"የኮሶዬ ብርድ!"

"የናቁት ያስረግዛል ይላል ያገሬ ሰው።"

"እሱ? እሱማ በር ላይ 'ይለፉ' ሲል ይመሽበታል" አለና በራሱ ቀልድ እስኪያስለው ሳቀ።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ጎርጎራ ላይ ሆነ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ወልደኢየሱስ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ከላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ጃኬት ደርቦ መጣ። ለሪፖርት የሚሆን ቪዲዮ በስልኩ እቀርጻለሁ ብሎ ከኡዘይር ጀልባ ላይ ተሳፈረ። ተፈታኙ ብቻውን በሌላ ጀልባ ይወጣል፤ ኡዘይር ደግሞ በራሱ ጀልባ አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ይመጣበታል፤ አንዴም ከፊቱ ቀስ ብሎ እየሄደ ቅደመኝ ይለዋል። ተፈታኙ በየጊዜው የሚገባውን ካደረገ አለፈ።

አሥራ ሦስቱ አለፉ። አያ ዳኛውማ ጀልባውን እንደ በቅሎ ነው የነዱት። ኡዘይር ፊቱን እንዳጨማደደ በየስማቸው ትይዩ "አልፏል" ብሎ ጻፈ፤ ጥፋት ሊያገኝባቸው ባለመቻሉ ከፍቶታል። የቀረው ቢያዝን ነው።

ቢያዝን ፊት ለፊት ሲገናኙ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ሸጋ አድርጎ። ሲቀድም ርቆ ቀደመ። ኡዘይር ከቀኙ ሲመጣበት፣ መልቀቅ ተፈጥሮው ነውና በደስታ ለቀቀ። የመጨረሻዋ ቀረች። ኡዘይር ከግራው ይመጣል፤ ቢያዝን አይነቃነቅም፤ ኡዘይር መቶ ሜትር ሲቀረው ወደ ቀኙ አዙሮ በቢያዝን ኋላ ያልፋል። ሕጉም ይኸው፣ የፈተናውም ሥርዓት ይኸው ነው።

ሁለቱ ጀልባዎች መቀራረብ ጀመሩ። መቶ ሜትር ሆነ። ኡዘይር መሪውን ሊያዞር እጁን አንቀሳቀሰና ተወው። "አሁን እኔ ባዞርለት ሳይገባው ሊያልፍ ነው። ትንሽ ብጠብቀው ግን ራሱ ያዞራታል። ያኔ እኔ ሳልነካው በራሱ እጅ ይወድቃል" አለ በልቡ። ይህን ሲያስብ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሰውየውን አምስት ቀን አይቶታል፤ ጸሐይ በምሥራቅ መውጣቷን የሚያውቀውን ያህል ያውቀዋል።

ሰባ ሜትር ሆነ። ወልደኢየሱስ ስልኩን እንደያዘ ብድግ አለ። "ካፒቴን፣ የቀረብን መሰለኝ።"

"ዝም ብለህ ቅረጽ። አሁን ይሸሻል።"

አርባ ሜትር ሲቀር የቢያዝን ፊት ተገልጦ ታየው። ከንፈሩን ነክሷል። ዓይኑ ግን ከዳር ካለው ሾላ ላይ ተተክሏል። ወደ ግራው አንዴ፣ በጨረፍታ አየ፤ ኡዘይርን አይቶታል፤ ደግሞ ዓይኑን መልሶ ሾላው ላይ ተከለ። ኡዘይር ሰውየው እንደማያዞር የገባው ያን ጊዜ ነው።

መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ቀኝ አጠፈው። ዘግይቷል። የጀልባው አፍንጫ የቢያዝንን ጀልባ የኋላ ጎን እንደ ሸማ ቀደደው። ቆሞ ይቀርጽ የነበረው ወልደኢየሱስ ከነከረባቱ ከነስልኩ ውኃው ውስጥ ገባ። አያ ዳኛው ከዳር ታንኳቸውን ገፍተው ደረሱለትና ብርቱካናማውን ጃኬት ጨብጠው አወጡት። ቢያዝን ውኃ እየገባባት ያለችውን ጀልባ እንደምንም እየነዳ አሸዋው ላይ አስቀመጣት። የሞተ ሰው የለም፤ የቆሰለም የለም።

ወልደኢየሱስ ውኃ እያንጠባጠበ ዳር እንደ ቆመ ጮኸ። "ጥፋተኛው ማነው? ይህ ሪፖርት ይፈልጋል!" ይበል እንጂ መልሱን አስቀድሞ ያዘጋጀ ይመስል የሚያየው ቢያዝንን ነው። "አንተ ነህ አይደል? መቼም ካፒቴን ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር ላይ ኖረው አንተን ሊገጩ አይመጡም!"

ኡዘይር ዓይኑን ቢያዝን ላይ ጥሎ መጠበቅ ያዘ። እንደ ቢያዝን ያለ ሰው፣ ትልቅ ሰው ከሚያፍር ጥፋቱን ራሱ ላይ እንደሚወስድ ያውቃል፤ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ" ሊል ነው፤ አንገቱን ሲሰብር ከአሁኑ ይታየዋል። ቅድም ውኃ ላይ ያልለቀቀለትን መሬት ላይ ይለቅልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ ያውም በሰውየው እንጀራ ላይ ቆሞ። ከዚህ የባሰ ንቀት ካለ ይህን የሚተርከው ሰው አያውቀውም።

ቢያዝን አንገቱን አልሰበረም። ፈርቷል፤ ግን ቀና እንዳለ መለሰ። "ጌታዬ፣ እሳቸው በግራዬ ነበሩ። እኔ ሾላውን ይዤ ሄድኩ። የተማርነው እንዲያ ነው።"

"ሲመጡብህ አላየህም?"

"አይቻለሁ እንጂ።"

"ታዲያ አትሸሽም? ሰው አይደለህም?"

"መሸሹንስ ፈልጌው ነበር" አለ ቢያዝን። "ግን እሳቸው ናቸው የሚያዞሩት። ያዞራሉ ብዬ አመንኳቸው።"

ወልደኢየሱስ ወደ ኡዘይር ዞረ። "እውነቱን ነው?"

በዚያ ዳርቻ ሕጉን ለወልደኢየሱስ ሊያስረዳው የሚችል፣ ቃሉም የሚታመን ሰው ኡዘይር ብቻ ነው። "አይ፣ ተሳስቷል" ቢል ያልቃል። ቢያዝን ወደ ኮሶዬ ይመለሳል፤ የወንድሙ አዝመራ ላይ አጫጅ ይሆናል። ቃሏ ምላሱ ላይ መጥታ ነበር። ያስቆማት ደግነት አይደለም፤ ኡዘይር ደግነት አልነበረውም። "አመንኳቸው" የምትለዋ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት መርከብ ላይ ሲኖር አንድም ቀን አብሮት የቆመን ሰው አምኖ አያውቅም። አፈረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለሰው ሲያድለው የኖረው እፍረት ዛሬ ተመልሶ እሱ ላይ ወደቀ።

"እውነቱን ነው" አለ። "ማዞር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይሸሻል ብዬ ሆን ብዬ አላዞርኩም። ደግሞም…" አለና ቆመ። "ደግሞም ሕጉ ሌላ ግማሽ አለው። ማዞር ያለበት ካላዞረ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውም በመጨረሻዋ ሰዓት ራሱን ማዳን አለበት። ያን አልነገርኩትም። ያልነገርኩትን ልጠይቀው አልችልም።"

የፈተናውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ርሷል። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከቢያዝን ስም ትይዩ "አልፏል" ብሎ ጻፈና ፈረመበት፤ የጀልባዋንም ማስጠገኛ ገንዘብ ከእኔ ውሰዱ ብሎ ለወልደኢየሱስ ሰጠው። ወልደኢየሱስ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ኡዘይር ሰው ሲያይ በሚያይበት ዓይን ኡዘይርን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ልብሱን ሊቀይር ሄደ።

አሥራ አራቱ ግን አልሄዱም። ቢያዝን ሸሚዙን እየጨመቀ ጠጋ አለ።

"አያ ኡዘይር፣ ያን ሌላውን ግማሽ ምነው ሳይነግሩን ቀሩ?"

ኡዘይር ውሸት ፈለገ። ጊዜ አነሰኝ ሊል አሰበ፤ አምስት ቀን ነበረው። ረሳሁት ሊል አሰበ፤ ሕጉን በእንቅልፉም ያውቀዋል። አሥራ አራቱም ያዩታል። አሁን የሚያዛጋ የለም።

"አይገባችሁም ብዬ" አለ።

አያ ዳኛው ወደ ሐይቁ ፊታቸውን አዞሩ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ቢያዝን ሸሚዙን አራግፎ ለበሰና አሸዋው ላይ፣ ከኡዘይር እግር ሥር ቁጭ አለ።

"እንግዲያስ አሁን ይንገሩን" አለው። "ካልገባን ያኔ ይንቁናል።"